በፎቶግራፍ የታየን ጭላት ለይቶ ስለ ማወቅ

በቤት አስተዳደር ውስጥ ቀና ፍርድ የሚያስፈልገው ለሰው ብቻ አይደለም፤ ለአሞራም ያስፈልጋል። ጫጩት በጠፋ ጊዜ ባለቤቱ በዛፍ ላይ ተቀምጦ ያገኘውን ጭላት ሁሉ እንደ ሌባ ቈጥሮ ያስገድለዋል። ነገር ግን ብዙ ጊዜ የሚሞተው ሌባው ሳይሆን የእህሉ ጠባቂ ነው። ዛሬ ፎቶግራፍ ማንሣት ለብዙ ሰው ስለ ተቻለ፣ ከመግደል በፊት ሥዕሉን አስተውሎ መመርመር ይገባል።

በደጋው አገራችን ተመልካችን እጅግ ከሚያሳስቱት አንዱ ሊቃውንት ኦጉር የሚሉት ወፍ ነው። ይህን ስም የሰጠው የፍራንክፈርቱ ተወላጅ ኤድዋርድ ሩፔል ሲሆን፣ በአገራችን ተዘዋውሮ ከተመለሰ በኋላ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1836 ዓመት ስለ ወፉ ጻፈ። ኦጉር ማለት በላቲን ቋንቋ የአሞራን አበራረር አይቶ ገድ የሚናገር ማለት ነው። ያደገው ኦጉር ጀርባው ጠቈር ያለ፣ ሆዱ ነጭ፣ ጅራቱ እንደ ሸክላ ቀይ ነውና ለማወቅ አያስቸግርም። ሆዱ ጥቁር የሆነም አለ፤ ጅራቱ ግን ያው ቀይ ነው።

ችግሩ በልጅነቱ ነው። ገና ከጎጆው የወጣው ኦጉር ጀርባው ቡናማ፣ ደረቱ ነጠብጣብና ሰረዝ ያለበት ይሆናል፤ ጅራቱም ቀይ ሳይሆን በቀጫጭን ጥቁር መስመር የተሸነተረ ቡናማ ነው። አባትና ልጅ በመልክ ስለማይመሳሰሉ ተመልካቹ ሌላ ወፍ ያየ ይመስለዋል።

እንግዲህ ሥዕሉን የያዘ ሰው ከቀለም አስቀድሞ ቅርጽን ይመልከት። ፀሐይ ከወፉ በስተኋላ ከሆነች ነጩ ሆድ ጥቁር መስሎ ይታያልና። ጅራቱ ረዘም ብሎ ጫፉ እንደ መንታ ከተከፈለ፣ ክንፉም ቀጠን ብሎ ከታጠፈ፣ ያ ሥጋና ጫጩት የሚነጥቀው ባለ ቢጫ መንቁር ጭላት ነው። ክንፉ ሰፊ፣ ጅራቱ አጭርና ሲዘረጋ እንደ ማራገቢያ ክብ ከሆነ ግን ኦጉር መሆኑን ይጠርጥር።

ሦስተኛም አለ፤ ከሩሲያና ከመካከለኛው እስያ የሚመጣ ቡናማ እንግዳ ነው። ከኦጉር አነስ ያለ፣ ክንፉም ጠበብ ያለ ሲሆን፣ በመስከረምና በጥቅምት መጥቶ ክረምቱ ሳይገባ ይመለሳል። ስለዚህ ሥዕሉ የተነሣበት ቀን ራሱ ምስክር ነው፤ በሐምሌ የታየው ቡናማ ወፍ ይህ እንግዳ ነው ለማለት ያስቸግራል። የወፍ መጠን ግን በአጠገቡ የሚመዘን ነገር ከሌለ በሥዕል አይታወቅም። አንድ ሥዕልም አይበቃም፤ ሲቀመጥና ሲበርር፣ ከጀርባውም ከሆዱም ቢነሣ ይሻላል።

ይህን ሁሉ መድከም ስለ ምንድን ነው ቢባል፣ የኦጉር ዋና ምግቡ አይጥና ፍልፈል ስለ ሆነ ነው። አልፎ አልፎ ጫጩት አይነካም ባይባልም፣ በማሳው ላይ የሚሠራው አገልግሎት ከጥፋቱ ይበልጣል። የቤት እመቤት ጫጩቶቿን እስኪጠነክሩ ድረስ በቅርጫት ብትከድን ወይም በታጠረ ስፍራ ብታሳድር፣ ከሌባውም ከወዳጁም ትጠብቃቸዋለች። ወዳጁን የገደለ ባለ እርሻ ግን በመከር ጊዜ ጎተራውን ለአይጥ ያካፍላል።