ኬሞ ላይ ያለ ሰው ሲያተኩሰው አንቲባዮቲክ ገዝቶ ቢውጥስ?

አንዲት እናት ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ኬሞ ወስደው ወደ ደባርቅ ተመለሱ እንበል። መንገዱ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከሳምንት በኋላ አተኮሳቸው። ቤተሰብ ቶሎ የሚለው "ፋርማሲ ሂዱና አሞክሳሲሊን አምጡ" ነው። አደጋው እዚህ ላይ ነው።

ኬሞ በሽታ የሚከላከሉልንን ነጭ የደም ሴሎችም ይቀንሳል። ብዙ ጊዜ በጣም የሚያንሱት ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ነው። ያኔ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ትኩሳት ድንገተኛ ህመም ነው፤ በሰዓታት ውስጥ ለሞት ሊያደርስ ይችላል። በቤት ውስጥ ኪኒን መሞከር ሰዓት ይበላል።

መድኃኒቱም የራሱ ጣጣ አለው፦

🔹 አሞክሳሲሊን፦ ሜቶትሬክሴት የተባለው የካንሰር መድኃኒት ከሰውነት ቶሎ እንዳይወጣ ሊያደርግ ይችላል። ያኔ አፍ ይቆስላል፣ የደም ሴልም ይበልጥ ይወርዳል።

🔹 ሲፕሮ፦ ጅማት ሊጎዳ ይችላል። ከማስታወክ መከላከያው ኦንዳንሴትሮን ጋር ሲወሰድ ደግሞ የልብ ምት ሊያዛባ ይችላል።

🔹 ሁሉም አንቲባዮቲክ፦ የአንጀትን ጠቃሚ ባክቴሪያ ስለሚገድል ተቅማጥ ሊያመጣ ይችላል። ተቅማጡ ከጠና ወይም ደም ካለው ማቆሚያ ኪኒን ሳትሰጡ ሐኪም ጋ ውሰዷቸው።

ይህ ማለት ግን አንቲባዮቲክ ይቅር ማለት አይደለም። በሐኪም ሲታዘዝ ሕይወት ያተርፋል፤ የታዘዘውንም በራስ ፈቃድ ማቋረጥ አይገባም።

ስለዚህ ቤት ውስጥ ቴርሞሜትር ይኑር። የኬሞውን ካርድና የመድኃኒቶቹን ስም በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ትኩሳት ከመጣ ሌሊትም ቢሆን ቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ሂዱና መጀመሪያ "ኬሞ ላይ ናቸው" በሉ።

ቤቱ ታማሚ ላለው ጓደኛችሁ ላኩለት።