ምስለ ጀግኖችን መሰብሰብና መገምገም

የሰው ልጅ ለዕለት ኑሮው ከሚያስፈልገው ነገር ሌላ፣ ደስ የሚያሰኘውን ወይም የሚያስደንቀውን ዕቃ እየመረጠ የማከማቸት ልማድ አለው። አንዱ ቴምብር፣ ሌላው የጥንት ገንዘብ፣ ሌላው ደግሞ ቢራቢሮ ይሰበስባል። በሰሜን አሜሪካ በሰፊው ከተለመዱት የስብስብ ዓይነቶች አንዱ የምስለ ጀግኖች ስብስብ ነው። ምስለ ጀግና ማለት በሥዕላዊ ታሪክ መጽሔቶች የሚገኙትን ልዕለ ጀግኖችና ሌሎች ባለታሪኮችን የሚመስል፣ አብዛኛውን ጊዜ ከፕላስቲክ የሚሠራ፣ አንገቱ፣ ክንዱና ጉልበቱ የሚዞር ወይም የሚታጠፍ ትንሽ ቅርጽ ነው። አምራቾቹ «አክሽን ፊገር» ይሉታል።

ሰብሳቢዎቹ ቅርጹን ገዝተው መደርደሪያ ላይ በማቆም ብቻ አይወሰኑም። ስለ እያንዳንዱ ግምገማ ይጽፋሉ፤ ሌሎች የጻፉትንም ያነባሉ። ነገሩ ላይ ላዩን ሲታይ የልጅ ጨዋታ ይመስላል። ይሁን እንጂ ለአንድ ዕቃ ትክክለኛ ስም መስጠት፣ ያዩትን ከወደዱት ለይቶ መናገርና ፍርድን በማስረጃ መደገፍ ምን ያህል እንደሚጠቅም በሚገባ ያሳያል። በዚህ ምንባብ በመጀመሪያ የምስለ ጀግኖችን አመጣጥ፣ ቀጥሎ በስማቸው ላይ የተነሣውን ክርክር፣ በመጨረሻም የአሰባሰቡንና የግምገማውን ዘዴ እንመለከታለን። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሀ. አመጣጥ

የልዕለ ጀግኖች ታሪክ መነሻ ተደርጎ የሚቆጠረው በ1938 በአሜሪካ የታተመው «አክሽን ኮሚክስ» የተባለው መጽሔት የመጀመሪያ እትም ነው። ደራሲው ጄሪ ሲግልና ሠዓሊው ጆ ሹስተር የፈጠሩት ሱፐርማን ለአንባቢ የቀረበው በዚህ እትም ነበር። በተከታዩ ዓመት ባትማን መጣ፤ ስፓይደርማን ደግሞ በ1962 ተፈጠረ። የመጀመሪያው እትም ዋጋ 10 ሳንቲም ብቻ ስለነበረ ብዙዎች አንብበው ጣሉት። በደኅና ሁኔታ ከቆዩት ጥቂት ቅጂዎች አንዱ ግን በ2024 በጨረታ 6 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር አውጥቷል። ዕቃን ውድ የሚያደርገው ሲሠራ የወጣበት ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ከጊዜ በኋላ የሚገኘው ቁጥሩም ጭምር መሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ጀግኖቹ ከወረቀት ወጥተው በእጅ ወደሚያዝ ቅርጽ የተለወጡበት መንገድ የተጠረገው በአንድ ወታደር ነው። ሃስብሮ የተባለው ኩባንያ በ1964 «ጂ አይ ጆ» የተሰኘ፣ ቁመቱ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነ፣ 21 ተንቀሳቃሽ ክፍሎች ያሉት የወታደር ቅርጽ ለገበያ አቀረበ። ኩባንያው ወንዶች ልጆች በአሻንጉሊት አይጫወቱም ብሎ ስለ ሠጋ ዕቃውን በዚህ ስም ከመጥራት ተቆጠበ፤ «አክሽን ፊገር» የሚለውም ስያሜ የተገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1966፣ አይዲያል የተባለው ኩባንያ «ካፒቴን አክሽን» የተሰኘውን ቅርጽ አወጣ። ልጆች ለዚህ ቅርጽ ለብቻው የሚሸጠውን ልብስና ጭምብል በማልበስ ሱፐርማን ወይም ባትማን ሊያደርጉት ይችሉ ነበር። በ1972 ደግሞ ሜጎ የተባለው ኩባንያ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ቁመት ያላቸውን፣ የጨርቅ ልብስ የለበሱ ልዕለ ጀግኖች በተከታታይ ማውጣት ጀመረ። የሜጎ ዘዴ ብልኅነት የታየበት ነበር፤ ለአብዛኞቹ ጀግኖች አንድ ዓይነት ገላ ይሠራና ጭንቅላቱንና ልብሱን ብቻ ይለዋውጥ ነበር። በዚህም ወጪው ቀነሰ። በመጽሔት ገበያ ተፎካካሪ የነበሩት የሁለት አሳታሚዎች ጀግኖችም፣ ማለትም ሱፐርማንና ስፓይደርማን፣ በአንድ የሱቅ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ቆሙ።

በ1984 ኬነር የተባለው ኩባንያ ሁለት እግሮቹ ሲጨመቁ ክንዱ ለቡጢ የሚወነጨፍ ሱፐርማን አቀረበ። በዚያው ዓመት ማቴል የተባለው ኩባንያ ለሚያወጣቸው ቅርጾች አጋዥ እንዲሆን ማርቭል የተባለው አሳታሚ ራሱን የቻለ ተከታታይ ታሪክ አሳተመ። ቀድሞ መጫወቻው ታሪኩን ይከተል ነበር፤ በዚህ ጊዜ ግን ታሪኩ መጫወቻውን ተከተለ። በ2002 ቶይ ቢዝ የተባለው ኩባንያ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ቁመት ያላቸውን «ማርቭል ሌጀንድስ» የተባሉትን ቅርጾች ማውጣት ጀመረ። ከእነዚህ መካከል ከ30 በላይ መጋጠሚያ ያላቸው ነበሩ። ከ2007 ወዲህ የማርቭልን ጀግኖች የመሥራቱ ፈቃድ ወደ ሃስብሮ ተላልፏል።

ለ. አሻንጉሊት ወይስ መጫወቻ?

በአማርኛ ዕለታዊ ንግግር «አሻንጉሊት» እና «መጫወቻ» የሚሉት ቃላት ብዙ ጊዜ አንዱ በሌላው ፋንታ ሲነገሩ ይሰማል። በመሠረቱ ግን «መጫወቻ» ሰፊ፣ «አሻንጉሊት» ደግሞ ጠባብ ትርጉም አለው። ኳስ መጫወቻ ነው፤ አሻንጉሊት ግን አይደለም። ይህን የመሰለው የትርጉም ልዩነት በአሜሪካ ፍርድ ቤት ድረስ ደርሷል።

በጊዜው የነበረው የአሜሪካ የቀረጥ ሕግ የሰውን መልክ የያዘውን ቅርጽ «አሻንጉሊት»፣ የእንስሳ ወይም ሰው ያልሆነ ፍጡር መልክ የያዘውን ደግሞ «መጫወቻ» ብሎ ይለይ ነበር። ሃስብሮ ወታደሩ አሻንጉሊት አይደለም ብሎ ቢከራከርም፣ በ1989 የይግባኝ ፍርድ ቤት አሻንጉሊት ነው ሲል ወሰነ። ለገበያ የወጣው አዲስ ስም የዕቃውን ምንነት ሊለውጠው አልቻለም።

የቶይ ቢዝ ጉዳይ ግን በተቃራኒው ተፈጸመ። ኩባንያው «ኤክስ ሜን» የተባሉትን ጀግኖችና መሰሎቻቸውን ከውጭ ሲያስገባ፣ የጉምሩክ መሥሪያ ቤት እንደ አሻንጉሊት ቆጥሮ 12 በመቶ ቀረጥ ጠየቀ። ቅርጾቹ መጫወቻ ቢባሉ ኖሮ የሚከፈለው 6.8 በመቶ ነበር። እንግዲህ በ100 ዶላር ዕቃ ላይ የአንድ ቃል ልዩነት 5 ዶላር ከ20 ሳንቲም ያህል ማለት ነው። ኩባንያው ከሰሰ፤ ጉዳዩም በዓለም አቀፍ ንግድ ፍርድ ቤት ታየ። በ2003 ዳኛ ጁዲዝ ባርዚሌ እንደ ጥፍርና ክንፍ ያሉትን ከሰው ተፈጥሮ ውጭ የሆኑ ምልክቶች ከመረመሩ በኋላ፣ ቅርጾቹ የሰው ምስል ስላልሆኑ መጫወቻ ናቸው ሲሉ ፈረዱ።

ኩባንያው ረታ፤ አንባቢዎች ግን አዘኑ። ምክንያቱም ኤክስ ሜን ከ1963 ጀምሮ የታወቁት ከሌላው የተለየ ተፈጥሮ ይዘው በመወለዳቸው የሚጠሉና የሚሳደዱ ሆነው ነው። የታሪኩም ዋና ሐሳብ እነርሱም እንደ ማንኛውም ሰው ሊከበሩ ይገባል የሚል ነው። ቶይ ቢዝ በ1998 ከማርቭል ጋር ስለ ተዋሐደ፣ በመጽሔቱ ላይ «ሰዎች ናቸው» የሚለውና በፍርድ ቤት «ሰዎች አይደሉም» የሚለው ወገን አንድ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ለአንድ ነገር ስም ስንሰጥ፣ ሳናውቀው ስለ ምንነቱ ፍርድ እየሰጠን ሊሆን ስለሚችል ጥንቃቄ ያስፈልገናል።

ሐ. የአሰባሰብ ዘዴ

ስብስብና ክምር አንድ አይደሉም። ክምር ያገኙትን ሁሉ በአንድ ላይ ማድረግ ነው፤ ስብስብ ግን መርሕ አለው። አንዱ ሰብሳቢ የአንድን ጀግና ቅርጾች ብቻ በዘመን ቅደም ተከተል ይፈልጋል። ሌላው የአንድን ኩባንያ ሥራ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ለማሟላት ይጥራል። ጥሩ ሰብሳቢ ለእያንዳንዱ ዕቃ የተሠራበትን ዓመት፣ የአምራቹን ስም፣ የተገዛበትን ዋጋና የጎደለውን ነገር መዝግቦ ይይዛል። ለምሳሌ የሜጎ ቅርጾች ካባ፣ ጓንትና ጫማ በቀላሉ ስለሚጠፉ፣ ሁሉም የተሟላለት ቅርጽ ከሌሎቹ የበለጠ ይፈለጋል። የጎደለውን ለመተካት በቅርቡ የተሠሩ አምሳያ ዕቃዎችም ይሸጣሉ። አምሳያን መጠቀም ነውር አይደለም፤ ነውሩ አምሳያውን ጥንታዊ ነው ብሎ መሸጥ ነው።

ሰብሳቢዎችን ከሚያከራክሩት ጉዳዮች ዋነኛው ማሸጊያው ይከፈት ወይስ አይከፈት የሚለው ነው። ያልተከፈተ ዕቃ በገበያ የተሻለ ዋጋ ያወጣል፤ የማሸጊያውንና የቅርጹን ይዞታ መርምረው ከ100 ነጥብ የሚሰጡ ድርጅቶችም አሉ። የሚከፍቱት ደግሞ እንዲታጠፍ የተሠራ ጉልበት ካልታጠፈ ምን ይረባል ይላሉ። ግምገማ የሚጽፍ ሰው ግን ምርጫ የለውም። መጋጠሚያውን ሳይፈትሽ ስለ መጋጠሚያው መጻፍ ስለማይችል፣ የዕቃው ዋጋ እንደሚቀንስ እያወቀ ማሸጊያውን ይከፍታል።

የተከፈተም ሆነ የታሸገ ዕቃ ከጊዜ ጉዳት አያመልጥም። ለስላሳ የሆኑት ክፍሎች አብዛኛውን ጊዜ የሚሠሩት ፒ ቪ ሲ ከተባለው ፕላስቲክ ሲሆን፣ እንዲለሰልስ የተጨመረበት ኬሚካል በዓመታት ብዛት ወደ ውጭ ይወጣና ገጹ ይጣበቃል። የፀሐይ ብርሃን ቀለሙን ያደበዝዛል፤ ነጩን ያበልዛል። በ1982 የወጡት ትንንሾቹ የጂ አይ ጆ ቅርጾች ወገባቸው የተያያዘው በጎማ ቀለበት ስለሆነ፣ ጎማው ሲደርቅ ይበጠስና ቅርጹ ለሁለት ይከፈላል። በመሆኑም ቅርጾቹ ሙቀት ከሌለበትና ፀሐይ ከማያገኘው ቦታ መቀመጥ፣ አቧራቸውም በለስላሳ ብሩሽ መራገፍ አለበት።

መ. የግምገማ አጻጻፍ

በአሜሪካ ከ1997 እስከ 2011 «ቶይፌር» የተባለ መጽሔት ስለ እነዚህ ዕቃዎችና ስለ ዋጋቸው ይጽፍ ነበር። ዛሬም ብዙ ሰብሳቢዎች ግምገማ ይጽፋሉ። የግምገማው ጥቅም ግልጽ ነው። ገዢው ብዙ ጊዜ ዕቃውን በእጁ ሳይነካ ከሩቅ ያዛል። በማሸጊያው ላይ የሚታየው ፎቶግራፍ ደግሞ አንዳንድ ጊዜ የተነሣው በባለሙያ እጅ ተጠንቅቆ ከተቀባው ናሙና እንጂ ከፋብሪካ ከወጣው ዕቃ አይደለም። ገንዘቡን ለወራት ያጠራቀመ ልጅ ያለው መተማመኛ የገምጋሚው ቃል ነው።

ገምጋሚው አምስት ነገሮችን በቅደም ተከተል ይመረምራል። አንደኛ፣ ቅርጹ፦ መልኩና የአካሉ ምጣኔ በመጽሔቱ ካለው ሥዕል ጋር ይስማማል? ሁለተኛ፣ ቀለሙ፦ ከወሰኑ አልፎ ፈስሷል? የዓይኑ ብሌኖች እኩል ናቸው? ሦስተኛ፣ መጋጠሚያው፦ የት የት ይታጠፋል? ያለ ደጋፊ ይቆማል? አራተኛ፣ ተጓዳኝ ዕቃው፦ ጋሻው ወይም ሰይፉ በእጁ ይያዛል? አምስተኛ፣ ዋጋው፦ ከመሰሎቹ ጋር ሲነጻጸር ይገባዋልን?

ከዚህ በኋላ ያየውን በትክክለኛ ቃል ይጽፋል። የሚከተሉትን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች አወዳድሩ።

«ይህ ቅርጽ እጅግ ግሩም ነው፤ በጣም ወደድሁት።»

«የዚህ ቅርጽ ጉልበት በሁለት ቦታ ስለሚታጠፍ ሊንበረከክ ይችላል፤ ነገር ግን የቀኝ ቁርጭምጭሚቱ ስለላላ ያለ ደጋፊ አይቆምም።»

የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ስለ ጸሐፊው ስሜት እንጂ ስለ ዕቃው ምንም አይነግረንም። «ግሩም» የሚለው ቅጽል ለማንኛውም ነገር ሊነገር ይችላል። ሁለተኛው ግን ምክንያትና ውጤትን ያያይዛል፤ «ነገር ግን» በሚለው አያያዥም በጎውንና ጉድለቱን በአንድ ሚዛን ያስቀምጣል። አንባቢው ከጸሐፊው ጋር ባይስማማ እንኳ የራሱን ፍርድ ለመስጠት የሚያስችለው ማስረጃ ያገኛል። ስሜትን መግለጽ የተከለከለ አይደለም፤ ነገር ግን መምጣት ያለበት ከማስረጃው በኋላ ነው።

ታማኝ ገምጋሚ ሁለት ነገሮችን አይደብቅም። የመጀመሪያው ስንት ቅርጽ እንደመረመረ ነው። ዓይንን የመሳሰሉት ጥቃቅን ክፍሎች በፋብሪካ ውስጥ እንደ ማኅተም ስለሚታተሙ፣ በአንዱ ቅርጽ ላይ የተጣመመው በሌላው ላይ ቀጥ ሊል ይችላል። ስለዚህ አንዱን ብቻ አይቶ ስለ ሁሉም መፍረድ ስሕተት ነው። ሁለተኛው ዕቃውን ያገኘበት መንገድ ነው። አምራቹ በነፃ ልኮለት ከሆነ አንባቢው ይህን የማወቅ መብት አለው፤ በስጦታ የተገኘን ዕቃ ጉድለት መናገር ከባድ መሆኑን ሁሉም ይረዳልና።

ይህ ዘዴ ለምስለ ጀግኖች ብቻ የሚያገለግል አይደለም። ወንበርን፣ ጫማን፣ ወይም መጽሐፍን ለመገምገም የሚያስፈልገው ይኸው ነው፤ በመጀመሪያ መመርመር፣ ቀጥሎ በትክክለኛ ስምና በተመጠነ ቅጽል መግለጽ፣ በመጨረሻም መፍረድ። እናንተም በየዕለቱ ከምትገለገሉባቸው ዕቃዎች አንዱን መርጣችሁ፣ ዕቃውን ፈጽሞ አይቶት የማያውቅ ጓደኛችሁ ይግዛው ወይም ይተወው ብሎ ለመወሰን እንዲችል አድርጋችሁ በሁለት አንቀጽ ገምግሙ። ጽፋችሁ ስትጨርሱ «ግሩም»፣ «ቆንጆ»፣ «መጥፎ» የሚሉትን ቃላት ሁሉ ሰርዙና የቀረውን አንብቡ። ጓደኛችሁ ከቀረው ብቻ ተነሥቶ ሊወስን ከቻለ ግምገማችሁ ተሟልቷል።