ሁለት ዝርዝር የሚያስታርቀው አውክ

አንዱ ፋይል የተማሪዎችን መለያ ቁጥርና ስም ይዟል፤ ሌላው መለያ ቁጥርና የፈተና ውጤት። ስሙን ከውጤቱ ጋር አንድ መስመር ላይ ማምጣት ተፈለገ እንበል። ለሃያ ሰው በዓይን ማመሳከር ይበቃል፤ ለሃያ ሺህ ግን አይሞከርም። በዩኒክስና በሊኑክስ ላይ ይህን ሥራ በአንድ መስመር ትእዛዝ የሚጨርሰው አውክ የተባለው ፕሮግራም ነው። በ1977 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በቤል ላብስ የሠሩት አልፍሬድ አሆ፣ ፒተር ዋይንበርገርና ብራያን ከርኒሃን ናቸው።

ዘዴው በሁለት ቆጣሪዎች ላይ ያረፈ ነው። ኤንአር ከመጀመሪያው ጀምሮ የተነበቡትን መስመሮች ሁሉ ይቆጥራል፤ ኤፍኤንአር ግን አዲስ ፋይል በተከፈተ ቁጥር ከ1 ይነሳል። ስለዚህ ሁለቱ እኩል እስከሆኑ ድረስ አውክ ገና የመጀመሪያው ፋይል ላይ ነው፤ ለምሳሌ በመለያ ቁጥር 1042 ሥር «አልማዝ» ብሎ ያስቀምጣል። ሁለተኛው ፋይል ላይ 1042ን ከውጤቱ ከ87 ጋር ሲያገኝ የያዘውን ስም አውጥቶ አብሮ ያትማል። የመጀመሪያው ፋይል ባዶ ከሆነ ግን ሁለተኛውን እንደ መጀመሪያ ይቆጥረዋል፤ አንድም ነገር ሳያትም ዝም ይላል። ጆይን የሚባል ትእዛዝም አለ፤ እሱ ግን ሁለቱም ፋይሎች አስቀድመው በቅደም ተከተል እንዲደረደሩለት ይፈልጋል።

ትእዛዙ ቀላል ነው፤ አስቸጋሪው መረጃው ነው። በአንዱ ፋይል ኤክሴል 0042ን 42 አድርጎ ካስቀመጠው ሁለቱ መለያዎች አይገናኙም። ከዊንዶውስ የመጣ ፋይል በየመስመሩ መጨረሻ የማይታይ ምልክት ስለሚይዝ፣ መለያው መጨረሻው ዓምድ ላይ ከዋለ ማመሳከሩ ይከሽፋል። በአማርኛ ስም ማመሳከርማ የባሰ ነው፦ ፀሐይ፣ ጸሐይ እና ፀሀይ ለእኛ አንድ ሰው፣ ለአውክ ሦስት ሰዎች ናቸው። መለያ ቁጥር ከሌለ ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ፀን ወደ ጸ፣ ዐን ወደ አ ከነእርባታቸው መመለስ ግድ ይላል። ይህ ግን ለማመሳከሪያ ብቻ ይሁን፤ የሚታተመው ስም ባለቤቱ እንደጻፈው ይቆይ።

አውክ ያላገናኘውን መስመር ካልጠየቁት አይናገርም። እናም ጥንድ ያጡትን ወደ ሌላ ፋይል እንዲጽፍ እዘዙት፤ ውጤቱን ከመለጠፋችሁ በፊት ያንን ፋይል አንብቡ።