የዕጢ ቀዶ ሐኪም እንዴት ይሠለጥናል?

አምስት ዓመት ጠቅላላ ቀዶ ሕክምና የተማረ፣ ሆድ ከፍቶ አንጀት የሚቀጥል ሐኪም እንቅርት ማውጣትም ያውቃል። በሥልጠናው ጊዜም አውጥቷል። ታዲያ ሆርሞን በሚያመነጩ ዕጢዎች ላይ ብቻ ሌላ ዓመት ለምን ይጨምራል?

አሜሪካን እንያዝ። እዚያ ጠቅላላ የቀዶ ሕክምና ሥልጠናውን (ሬዚደንሲ) የጨረሰ ሐኪም ፌሎሺፕ ለሚባለው ተጨማሪ ሥልጠና ይወዳደራል። አብዛኛው ፕሮግራም አንድ ዓመት ነው፤ ምርምር የሚጨምሩት ሁለት ዓመት ይወስዳሉ። ፕሮግራሞቹን የሚገመግመው በ1980 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የአሜሪካ የኢንዶክራይን (የሆርሞን ዕጢ) ቀዶ ሐኪሞች ማኅበር ነው። ትምህርቱ አንገት ላይ ያለውን ታይሮይድ፣ ከጀርባው የተለጠፉትን ፓራታይሮይዶች፣ ከኩላሊት በላይ የሚቀመጡትን አድሬናሎችና ሆርሞን የሚያመነጩ የቆሽት ዕጢዎችን ይሸፍናል።

ከሁሉም የሚበዛው የአንገቱ ሥራ ነው። ከታይሮይዱ ጀርባ፣ በግራም በቀኝም፣ የድምፅ አውታሮችን የሚያንቀሳቅስ ቀጭን ነርቭ ያልፋል፤ ውፍረቱ ከሁለት ሚሊ ሜትር ብዙም አይበልጥም። የግራው እስከ ደረት ወርዶ ዋናውን የልብ ደም ሥር ዞሮ ወደ ላይ ይመለሳል። የቀኙ ደግሞ በጥቂት ሰዎች ላይ ከተለመደው መንገድ ወጥቶ በቀጥታ ወደ ጉሮሮ ይገባል። አንዱ ከተጎዳ ድምፅ ይሻክራል፤ ሁለቱም ከተጎዱ መተንፈስ ያስቸግራል። ምስር የሚያህሉት ፓራታይሮይዶች አብዛኛውን ጊዜ አራት ናቸው፤ ቀለማቸው ከአካባቢው ስብ ብዙም ስለማይለይ ላልለመደ ዓይን ይጠፋሉ። ተሳስቶ ያወጣቸው ወይም ደም ያሳጣቸው ሐኪም ታካሚውን ጣቱ ለሚደነዝዝበትና ጡንቻው ለሚኮማተርበት የካልሲየም እጥረት ይዳርገዋል፤ አንዳንዱም ዕድሜ ልኩን መድኃኒት ይወስዳል።

እነዚህን ዕጢዎች ማወቅ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የካፒቴን ቻርልስ ማርቴል ታሪክ ያስረዳል። ማርቴል አሜሪካዊ የመርከብ አዛዥ ነበር። አንዱ ፓራታይሮይዱ ከልክ በላይ ሆርሞን እያመነጨ ካልሲየሙን ከአጥንቱ ስለመጠጠው አጥንቱ ይሰበር ጀመር፤ ቁመቱም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ 18 ሴንቲ ሜትር ቀነሰ። ከ1926 ጀምሮ አንገቱ በተደጋጋሚ ተከፈተ፤ የታመመው ዕጢ ግን አልተገኘም። በቦስተን የማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል ወጣቱ ቀዶ ሐኪም ኦሊቨር ኮፕ ፓራታይሮይድ ምን እንደሚመስልና የት የት እንደሚደበቅ ለመማር አስከሬን እየከፈተ ተለማመደ። በ1932፣ በሰባተኛው ቀዶ ሕክምና፣ ኮፕና አለቃው ኤድዋርድ ቸርችል ዕጢውን ደረቱ ውስጥ አገኙት። ነገሩ ፅንስ ላይ ይጀምራል፤ የታችኞቹ ፓራታይሮይዶች ተፈጥረው ወደ ቦታቸው ሲወርዱ አንዳንዴ አልፈው ደረት ይገባሉ። ለማርቴል ግን ጊዜው አልፎ ነበር። ኩላሊቱ በጠጠር ተጎድቶ ነበር፤ ከሳምንታት በኋላም ሞተ። ኮፕ በአስከሬን ላይ ብቻውን የለቀመውን እውቀት ዛሬ ሠልጣኙ በሕያዋን ታካሚዎች ላይ፣ አጠገቡ በቆመ መምህር ዓይን ሥር ይማረዋል። የሥልጠናው ዋና ጥቅም እዚህ ላይ ይመስለኛል።

መሣሪያውም ተሻሽሏል። በ1990ዎቹ የማያሚው ጆርጅ ኧርቪን የፓራታይሮይድ ሆርሞንን ቀዶ ሕክምናው ሳያልቅ የመለካት ዘዴን አስፋፋ። ሆርሞኑ በደም ውስጥ የሚቆየው ለደቂቃዎች ብቻ ነው፤ ስለዚህ የታመመው ዕጢ በወጣ በአሥር ደቂቃ ውስጥ መጠኑ ከግማሽ በላይ ከወረደ አንገቱ ሊዘጋ ይችላል። ካልወረደ ሌላ የታመመ ዕጢ ይኖራል ማለት ነው። ያኔ ፍለጋውን የት መቀጠል እንዳለበት የሚወስነው ሐኪሙ ነው።

በአድሬናል ላይ ፈተናው ሌላ ነው። ፌኦክሮሞሳይቶማ የሚባለው እዚያ የሚበቅል ዕባጭ ሲነካ የደም ግፊትን በድንገት ያስፈነጥራል፤ ሲወጣ ደግሞ ግፊቱ ሊያሽቆለቁል ይችላል። ስለዚህ ታካሚው ቢላዋ ከመነሳቱ አንድ ሁለት ሳምንት አስቀድሞ በመድኃኒት ይዘጋጃል፤ ሠልጣኙም ከሆርሞን ሐኪሙና ከማደንዘዣ ባለሙያው ጋር እየተመካከረ መሥራትን ይለምዳል።

አለመቅደድም ይማራል፤ ለእኔ ከሁሉም የሚከብደው ይህ ነው። በጃፓን ኮቤ የሚገኘው ኩማ ሆስፒታል በ1993፣ በዶክተር አኪራ ሚያውቺ ሐሳብ፣ አንድ ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በታች የሆኑ ለከፋ ጉዳት የማያሰጉ የታይሮይድ ካንሰሮችን ሳያወጡ በአልትራሳውንድ መከታተል ጀመረ። አብዛኞቹ ለዓመታት አላደጉም፤ ያደጉባቸውም በኋላ ተቀድደው ደህና ሆነዋል። ካንሰር የሚለውን ቃል ሰምቶ የደነገጠን ሰው «እንጠብቅ» ብሎ ማሳመን የሚቻለው በሽታውን ጠንቅቆ ለሚያውቅ ሐኪም ብቻ ነው።

ሥልጠናውም ደጋግመው ካልሠሩበት ዋጋ የለውም። በ2017 የታተመ የአሜሪካ ጥናት በዓመት ከ25 በላይ ታይሮይድ በሚያወጡ ሐኪሞች እጅ ጉዳቱ እንደሚያንስ አሳይቷል። በዚያው ጥናት ግማሽ ያህሉ ሐኪሞች በዓመት የሚሠሩት አንድ ብቻ ነበር።

በኢትዮጵያ እንቅርት የቆየ ችግር ነው፤ በደጋው አፈር አዮዲን ይጎድላል። ጨው በአዮዲን እንዲበለጽግ የሚያስገድደው ደንብ የወጣው በ2011 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በፊት ያደጉ እንቅርቶች ግን ዛሬም ወደ ሆስፒታል ይመጣሉ። የሚያወጧቸው በአብዛኛው ጠቅላላ ቀዶ ሐኪሞች ናቸው። የትንፋሽ ቧንቧን ወደ ጎን የገፋ፣ እስከ ደረት የወረደ እንቅርት የሚያዩት እነሱ ናቸው፤ በዚህ ልምዳቸው ሊከበሩ ይገባል። የሚያስፈልጋቸው ከጎናቸው የሚቆም የካልሲየምና የሆርሞን ላቦራቶሪ፣ የፓቶሎጂ ባለሙያ፣ እንዲሁም ታካሚውን ከወራት በኋላ መልሶ የሚያይ ክትትል ነው። ውጭ አገር ሠልጥኖ የሚመለስ ሐኪምም ያለ እነዚህ የተማረውን ግማሹን እንኳ መሥራት አይችልም።

ቀዶ ሕክምና የታዘዘለት ሰው፣ አዲስ አበባም ይሁን ዋሽንግተን፣ ሐኪሙን ቢጠይቅ ነውር የለበትም፦ ይህን በዓመት ስንት ጊዜ ይሠራሉ? ድምፄ ከሥራው በፊትና በኋላ ይመረመራል? ካልሲየሜን ማን ይከታተላል? ዕጢው ባይወጣስ ምን ይሆናል?