ያውቁ ኖሯል? ሬንዲርን በማደጎ መያዝ ይቻላል

በስኮትላንድ የኬርንጎርም ተራሮች ላይ በነፃነት የሚግጡት ሬንዲሮች፣ እነዚያ የበረዶ አገር አጋዘኖች፣ በሩቅ ያሉ አሳዳጊዎች አሏቸው። ግለሰብም ሆነ ገንዘብ ያዋጡ የመሥሪያ ቤት ባልደረቦች ዓመታዊ ክፍያ ከፍለው አንዱን በስሙ መርጠው በማደጎ ይይዛሉ። ምስክር ወረቀት፣ ፎቶግራፍና ስለ እንስሳው የሚተርክ ደብዳቤ ይላክላቸዋል፤ ሬንዲሩ ግን ከመንጋው አይለይም። ክፍያው ለእንክብካቤው ይውላል።

ሬንዲር ከብሪታንያ ምድር ከጠፋ ብዙ ዘመን ሆኖት ነበር። የስዊድን ሳሚ ሕዝብ ተወላጁ ሚኬል ኡትሲ በኬርንጎርም የትውልድ አገራቸውን የሚመስል መሬትና ሬንዲር የሚመገበውን የድንጋይ ሽበት በማየታቸው፣ በ1952 እ.ኤ.አ. ጥቂቶችን አስመጥተው መንጋውን መሠረቱ። ድንቅ ሥራ ነው! ዛሬ መንጋው 150 ገደማ ደርሷል።

ከሌሎች አጋዘኖች በተለየ የሬንዲር ሴቶችም ቀንድ ያበቅላሉ፤ ፎቶግራፉን ሲያዩ ቀንዳሙ ሁሉ ወንድ አይምሰልዎ።