ዕዳው ሕክምና ክፍል ድረስ ይከተላል

ከዲሴምበር አጋማሽ ጀምሮ የአሜሪካ የጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤቶች ለአመልካቾች መልስ መስጠት ይጀምራሉ። ያን ሰሞን ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለው የጥርስ ክሊኒኬ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይደጋገማል። ጠያቂዎቹ ብዙ ጊዜ ታካሚዎቼ ናቸው። ልጃቸው ሁለት ቦታ ተቀባይነት አግኝታለች፤ አንዱ ስሙ የገነነ፣ ክፍያውም የሚያስደነግጥ የግል ትምህርት ቤት ነው፤ ሌላው የስቴቱ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ። ቦታውን ለማስያዝ የሚከፈለው ቀብድ ቀነ ገደቡ ደርሷል። «ዶክተር፣ እርስዎ ያውቁታል፤ የቱ ይሻላታል?»

መልሴን አላድበሰብስም። አጠቃላይ የጥርስ ሐኪም ሆና መሥራት የምትፈልግ ከሆነ፣ ሁለቱም ሕጋዊ ዕውቅና ካላቸው፣ አራቱን ዓመት ባነሰ ብድር የሚያስጨርሳትን ትምረጥ። ይህን ስናገር የአንዳንድ እናቶች ፊት ይለወጣል፤ ስሜታቸው ይገባኛል። ሌሊት ፓርኪንግ ውስጥ ቆመው፣ ቀን የሰው ልጅ ጠብቀው፣ የራሳቸውን ልጅ እዚህ ያደረሱ ሰዎች ናቸው። ማኅበር ላይ ወይም ለቅሶ ቤት «ልጅሽ የት ገባችልሽ?» ሲባሉ ሁሉም የሚያውቀውን ስም መጥራት የድካማቸው ካሳ ነው። ነገር ግን ለዚያ ስም ከፋይዋ ልጅቷ ናት፤ የምትከፍለውም ለብዙ ዓመታት ነው።

እስቲ ስሙ ምን እንደሚያስገኝ እንየው። በአሜሪካ ከ70 በላይ የጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤቶች አሉ፤ ሁሉንም እየመረመረ ዕውቅና የሚሰጠው አንድ ኮሚሽን ነው። ከየትኛውም የወጣ ተማሪ የሚቀመጠው ለአንድ ብሔራዊ ፈተና ነው፤ የፈተናው ውጤትም ከ2012 ወዲህ «አልፏል» ወይም «አላለፈም» ተብሎ ብቻ ይነገራል። አንዱ ትምህርት ቤት ዲግሪውን ዲዲኤስ፣ ሌላው ዲኤምዲ ብሎ መስጠቱ ለውጥ የለውም፤ ሙያውም ፈቃዱም አንድ ነው። ወላጆች ደጋግመው የሚጠቅሱልኝ የዩኤስ ኒውስ የዩኒቨርሲቲዎች ደረጃ የጥርስ ትምህርት ቤቶችን ጨርሶ አያወዳድርም። ዓለም አቀፎቹ ደረጃዎች ደግሞ በአብዛኛው የሚመዝኑት ምርምርንና ምሁራን ስለ ተቋማቱ ያላቸውን ግምት እንጂ ተማሪው በገዛ እጁ ስንት ጥርስ እንዳከመ አይደለም። ታካሚዎቼ ገና ሳይቀመጡ የሚጠይቁኝ «ያማል?» እና «ኢንሹራንሴን ትቀበላላችሁ?» ብለው ነው። ወጣት ሐኪም ስቀጥርም የማየው ፈቃዱን፣ የሠራቸውን ሥራዎች ራጅና ከሰው ጋር የሚነጋገርበትን መንገድ ነው።

ደግሞስ ስምና ዋጋ ሁልጊዜ አብረው ይሄዳሉ ያለው ማን ነው? በዓለም የመጀመሪያው የጥርስ ሕክምና ኮሌጅ በ1840 የተከፈተው እዚሁ ባልቲሞር ውስጥ ነው። ዛሬ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ አካል ነው፤ የስቴቱ ነዋሪ የሚከፍለውም ከሌላ ስቴት ከሚመጣው በእጅጉ ያነሰ ነው። በ1881 የተመሠረተው የዋሽንግተኑ የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ትምህርት ቤት፣ በ1886 ናሽቪል ላይ የተከፈተው መሃሪም እንዲሁ፣ አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች ለጥቁር ተማሪ በራቸውን በዘጉበት ዘመን ሐኪም ያፈሩ ናቸው። እንዲህ ዓይነቱን ክብር የትኛውም የደረጃ ሠንጠረዥ አይመዝነውም።

አሁን ወደ ገንዘቡ። በብድር የተማረ የአንድ ተመራቂ አማካይ የትምህርት ዕዳ ወደ 300,000 ዶላር ገደማ ደርሷል። ውድ በሚባሉት የግል ትምህርት ቤቶች አራቱ ዓመት ከነመኖሪያው ከግማሽ ሚሊዮን ዶላር ያልፋል። 500,000 ዶላር በ8 በመቶ ወለድ ተበድሮ በ10 ዓመት ለመጨረስ በየወሩ ከ6,000 ዶላር በላይ መክፈል ያስፈልጋል፤ በመጀመሪያው ዓመት የሚታሰበው ወለድ ብቻ ወደ 40,000 ዶላር ይጠጋል። ብድሩ ግማሽ ቢሆን ክፍያውም ግማሽ ይሆናል። ልጆቹ ይህን ስነግራቸው «የጥርስ ሐኪም ጥሩ ይከፈለው የለ?» ይሉኛል። ይከፈለዋል፤ ግን ከዚያ ደመወዝ ላይ ግብር፣ የቤት ኪራይና የሕፃናት መዋያ ይነሣል። የራሴን ክሊኒክ ልክፈት ያለ ደግሞ እንደገና ባንክ ደጅ ይጠናል።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን የሐኪሙ ኑሮ መጥበቡ አይደለም። አንዲት ታካሚ አፏን ከፍታ ተኝታለች እንበል። የላይኛው መንጋጋ ጥርሷ ላይ ከብዙ ዓመት በፊት የተሞላ አማልጋም አለ፤ ጠርዙ ተሸርፏል፤ ከጎኑ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር ይታየኛል። ጥርሱ አያማትም። ስታኝክም አይሰማትም። አሮጌውን ሙሌት አውጥቼ በአዲስ ልተካው እችላለሁ፤ ወይም ጥርሱን ዙሪያውን ሞርጄ ክራውን የሚባለውን ሽፋን ላለብሰው እችላለሁ። ክራውኑ ከ1,000 ዶላር በላይ ያስከፍላል፤ ሙሌቱ ከዚያ በብዙ ያነሰ ነው። ሁለቱንም ውሳኔ መዝገብ ላይ ጽፎ ማስረዳት ይቻላል፤ ማንም አይከሰኝም። ልዩነቱ አንዴ የተሞረደ ጥርስ ተመልሶ አለመብቀሉ ነው። በዚያች ደቂቃ ሐኪሙ ማየት ያለበት ጥርሱን ብቻ ነው። በወር 6,000 ዶላር የሚጠበቅበት፣ በተቀጠረበት የክሊኒኮች ሰንሰለት ደግሞ የዕለት ገቢው በሠንጠረዥ የሚለካ የ27 ዓመት ወጣት ጥርሱን ብቻ አየ ማለት ይከብዳል። ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም። ሲጠራጠር የሚያዘነብልበትን ጎን ዕዳው ስለሚመርጥለት ነው።

ማንን እንደሚያክምም ዕዳው ይወስናል። በ2007 እዚሁ አጠገባችን፣ ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ውስጥ፣ የ12 ዓመቱ ዲያሞንቴ ድራይቨር ከጥርሱ የተነሣ ኢንፌክሽን አንጎሉ ደርሶ ሞተ። በ80 ዶላር ገደማ ሊነቀል ይችል የነበረ ጥርስ ነው። እናቱ ለልጆቿ ሜዲኬይድን፣ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የሚሰጠውን የመንግሥት ኢንሹራንስ፣ የሚቀበል የጥርስ ሐኪም ፍለጋ ተንከራትታ ነበር። ሜሪላንድ ከዚያ ወዲህ ብዙ አሻሽሏል፤ ከጃንዋሪ 2023 ጀምሮም ለሜዲኬይድ ተጠቃሚ አዋቂዎች የጥርስ ሕክምና ይሸፍናል። ነገር ግን ሜዲኬይድ የሚከፍለው ከግል ኢንሹራንስ ያነሰ ነው፤ ሐኪሙ ይህን ታካሚ ለመቀበል አቅም ሊኖረው ይገባል። ክሊኒኬ የሚመጡ የእኛው ሐበሻ አረጋውያን ብዙዎቹ በዚህ ሽፋን የሚታከሙ ናቸው። ልጆቻችን ነገ እነሱን እንዲያክሙልን ከፈለግን ዛሬ ዕዳቸውን እናስብላቸው።

ስሙ የሚጠቅምበት ቦታ የለም አልልም። ጥርስ ማቃናት ወይም የአፍና መንጋጋ ቀዶ ሕክምና ስፔሻሊስት መሆን የምትፈልግ፣ ወይም መምህርና ተመራማሪ ልሁን የምትል ልጅ፣ ስመ ጥሩ ትምህርት ቤት በር ይከፍትላታል፤ ብሔራዊው ፈተና ነጥብ ስለሌለው መራጮቹ የክፍል ደረጃን፣ የምርምር ሥራንና የመምህራንን ምስክርነት ያያሉ። ቢሆንም ጥርስ ማቃናትን የሚያስተምሩ ብዙ ፕሮግራሞች ራሳቸው ያስከፍላሉ፤ ዕዳ በዕዳ ላይ ይደረባል። በ22 ዓመቷ ስፔሻሊስት እሆናለሁ ብላ ገብታ ሦስተኛ ዓመት ላይ ሐሳቧን የምትለውጥም ብዙ ናት።

ዘንድሮ ደግሞ አዲስ ነገር አለ። በጁላይ 2025 የጸደቀው ሕግ፣ ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ አዲስ ለሚበደሩ፣ ሙሉ ወጪን ይሸፍን የነበረውን የፌዴራል ብድር አስቀርቷል። ከእንግዲህ የጥርስ ሕክምና ተማሪ ከፌዴራል መንግሥት መበደር የሚችለው በዓመት እስከ 50,000፣ በጠቅላላው እስከ 200,000 ዶላር ነው። የቀረው ከባንክ ይምጣ ሲባል ባንኩ ዋስ ይጠይቃል። ዋሱ አባት ወይም እናት ናቸው። በፌዴራሉ ብድር፣ ለትርፍ ባልቆመ ጤና ጣቢያ እየሠሩ 120 ወርሃዊ ክፍያ የፈጸሙ የቀረው ይሰረዝላቸዋል፤ የባንኩ ብድር ግን ይህን አያውቅም። የጦር ኃይሎች ስኮላርሺፕ ሙሉውን ክፍያ ይሸፍናል፤ በምላሹ አገልግሎት ይጠይቃል፤ ዜግነትም ስለሚጠይቅ ግሪን ካርድ ብቻ ላለው አይሆንም።

ትምህርት ቤቱን ልትጎበኙ ስትሄዱ ከሕንፃው ይልቅ አራተኛ ዓመት ተማሪዎቹን አነጋግሩ። ታካሚ በቂ ነው ወይስ ለመመረቅ የሚያስፈልገውን ሥራ ለመሙላት ታካሚ ፍለጋ ይንከራተታሉ? ሩት ካናልና ከባድ ነቀላ ሲመጣ እነሱ ይሠሩታል ወይስ ወደ ስፔሻሊስት ሠልጣኞች ይላካል? የስፔሻሊስት ሠልጣኝ የሚበዛበት ታላቅ ተቋም ውስጥ ከባዱን ሥራ ቆመው እያዩ የሚመረቁ አሉ። እጅ የሚፈታው በመሥራት ነው፤ የምትከፍሉትም ለዚህ ነው።

ወላጆች ሆይ፣ በዋስነት ከመፈረማችሁ በፊት የትምህርት ቤቱን የገንዘብ እርዳታ ክፍል የአራት ዓመት ጠቅላላ ወጪ በጽሑፍ ጠይቁ፤ መሣሪያውም፣ ፈተናውም፣ መኖሪያውም፣ በየዓመቱ የሚጨመረውም ይግባበት። ከዚያ ወርሃዊ ክፍያውን ከልጃችሁ ጋር ቁጭ ብላችሁ አስሉ። ስሌቱ ከከበዳችሁ ወረቀቱን ይዛችሁ ወደ እኔ ወይም በአካባቢያችሁ ወዳለ ሐበሻ የጥርስ ሐኪም ኑ፤ ማናችንም አንመልሳችሁም።