አረቄ ጮማን ይቆርጣል?

እዚህ አሰላ ጥሬ ሥጋ ከተበላ በኋላ «አረቄ ጮማውን ይቆርጠዋል» ሲባል እሰማለሁ። ለመሆኑ እውነት ነው? ነገሩ ግን ተቃራኒ ነው። ጉበታችን አልኮል ሲደርሰው መጀመሪያ የሚያቃጥለው እሱን ነው። ጮማው ተራ ይጠብቃል፤ ከዚያም ትራይግሊሰራይድ የሚባል ስብ ሆኖ ደም ውስጥ ይበዛል። አረቄም ሆነ ከአርሲ ገብስ የተጠመቀ ቢራ በዚህ አይለያዩም። ዕድሜ 40ን ሲያልፍና ቦርጭ ሲጨመርበት ደግሞ ስቡ ከደም ቶሎ አይጠራም።

በባዶ ሆድ ሲለካ በዴሲ ሊትር ከ150 ሚሊ ግራም በታች ቢሆን ጥሩ ነው፤ ከ1000 ካለፈ ቆሽትን ክፉኛ ሊያሳብጥ ይችላል።

«መጠጥ ጥሩውን ኮሌስትሮል ይጨምራል» የሚሉም አሉ። ጥቂት ይጨምራል፤ ልብን ለመጠበቁ ግን ማረጋገጫ አይሆንም። የዓለም ጤና ድርጅትም በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ከጉዳት ነፃ የሆነ የአልኮል መጠን የለም ብሏል።

ስለዚህ አባቶቻችን ሲመረመሩ ትራይግሊሰራይድንም ይጠይቁ። ጥቂት ሳምንት መጠጥ ቢተዉ ቁጥሩ ሊወርድላቸው ይችላል።